ላይክ ቆጥሮ ክትባት ማቀድ

በጤናው መስክ የሚሠሩ ተቋማት ወላጆች ስለ ልጆች ክትባት ምን እንደሚያስቡ ለማወቅ ፊታቸውን ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ ካዞሩ ሰነባብተዋል። ነገሩ ያጓጓል። መጠይቅ ማባዛት፣ ጠያቂ ማሠልጠን፣ ነዳጅ ሞልቶ ገጠር መውረድ የለም። አንድ ባለሙያ ቢሮው ተቀምጦ በፌስቡክ፣ በኤክስና በቲክቶክ የተባለውን ይሰበስባል፣ ደጋፊውን ከተቃዋሚው ይለያል፣ ከሰዓት በኋላ በመቶኛ የተሰላ «የሕዝብ አስተያየት» ይዞ ስብሰባ ይገባል። ጠቤ ከማዳመጡ ጋር ሳይሆን ከመቶኛው ጋር ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ምን ዓይነት ወሬ እንደሚናፈስ ይነግረናል፤ ያንን መከታተል የጤና ተቋማት ግዴታ ነው ብል አላጋነንኩም። ስንት ወላጅ ወሬውን እንዳመነና ስንቱ ልጁን ከክትባት እንዳስቀረ ግን ሊነግረን አይችልም። ክትባት የሚያመልጣቸው ልጆች ወላጆች በአብዛኛው ፌስቡክ በማይጠቀሙበት አገር ደግሞ ቁጥሩን ከዚያ መልቀም ገንዘብና ጉልበትን ወደማይገባው ቦታ ይወስዳል።

ከሁሉ ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ከራሱ ከፌስቡክ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ከኩባንያው ጋር ሆኖ በአሜሪካ የሚገኙ ተጠቃሚዎችን ክትባት ወስደው እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። በየሳምንቱ 250 ሺህ ያህል ሰው ይመልሳል። የመላሾቹ ዕድሜና ፆታ ከአገሪቱ ሕዝብ ጋር እንዲመጣጠን በስሌት ይስተካከላል፤ በግዴለሽነት የተሠራ ሥራ አልነበረም። ይሁንና በሜይ 2021 ውጤቱ ከመንግሥት የክትባት መዝገብ ጋር ሲተያይ የተከተበውን ሰው በ17 የመቶኛ ነጥብ አጋንኖ ተገኘ። አክሲዮስ የተባለው የዜና ተቋም ከጥናት ድርጅቱ ከኢፕሶስ ጋር አንድ ሺህ ያህል ሰው ብቻ እየጠየቀ ያወጣው የነበረው ቁጥር ግን ለእውነቱ እጅግ የቀረበ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጉዳዩን በኔቸር መጽሔት የተነተኑ ተመራማሪዎች፣ በኤፕሪል የተሰበሰበው የ250 ሺህ ሰው መልስ በትክክል በዕጣ ከተመረጡ አሥር ሰዎች መልስ የበለጠ እንደማይነግረን አሰሉ። አሥር ሰው ጠይቆ ስለ አንድ አገር የሚናገር ሰው ይሳቅበታል፤ ሩብ ሚሊዮን ሰው የጠየቀውን ግን ሁሉም ያምነዋል። የብዛት አደጋው ይህ ነው፤ ስህተቱን ሳያርም ተመልካቹን እርግጠኛ ያደርገዋል። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ1936 ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በምርጫው ይሸነፋሉ ካለ በኋላ፣ ሩዝቬልት ከመራጩ 61 በመቶውን ድምፅ አግኝተው ሲያሸንፉ ይኸው ትምህርት ተሰጥቶ ነበር።

ያ የፌስቡክ ሥራ ቢያንስ ሰዎችን ጠይቋል። ጽሑፍና ላይክ መቁጠር ግን ማንንም አይጠይቅም፤ መናገር የፈለገውን ብቻ ይሰማል። መናገር የሚፈልገው ማነው? ልጇን በቀጠሮው ቀን አስከትባ፣ ሌሊቱን ትኩሳቱን ጠብቃ፣ በማግስቱ ወደ ሥራዋ የተመለሰች እናት «ልጄ ተከትቦ ምንም አልሆነም» ብላ አትጽፍም። የምትጽፈው የደነገጠችው ናት፤ ወይም የተናደደችው። ከእነርሱ ጎን ደግሞ ጉዳዩን ሥራዬ ብለው የያዙ አሉ። በማርች 2021 በኢንተርኔት የሚሰራጨውን ጥላቻ የሚከታተል አንድ ማዕከል፣ በፌስቡክና በትዊተር ከመረመረው ፀረ ክትባት ጽሑፍ እስከ 65 በመቶ የሚሆነው ምንጩ አሥራ ሁለት ሰዎች ብቻ እንደሆኑ ገለጸ። ፌስቡክ በበኩሉ የእነዚህ ሰዎች ጽሑፍ በገጹ ላይ ስለ ክትባት ከታየው ሁሉ 0.05 በመቶ ያህል ብቻ ነው ሲል መለሰ። አንዱ 65፣ ሌላው 0.05፤ ሁለቱም በየራሳቸው አቆጣጠር ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንደኛው የቆጠረው የተሰራጨውን ፀረ ክትባት ጽሑፍ፣ ሁለተኛው ደግሞ ስለ ክትባት በጠቅላላ የታየውን ነውና። ሁለቱም ያልቆጠሩት አንድ ነገር አለ፤ ወላጅን።

ከተናጋሪዎቹ መካከል ጭራሽ ወላጅ ያልሆኑም፣ ሰው ያልሆኑም ነበሩ። በ2018 የአሜሪካ የኅብረተሰብ ጤና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ2014 እስከ 2017 ትዊተር ላይ የተጻፈውን መርምሮ፣ ከሩሲያ ይንቀሳቀሱ የነበሩ ሐሰተኛ አካውንቶች ስለ ክትባት በብዛት ይጽፉ እንደነበር አሳይቷል። አስገራሚው ነገር ደግፈውም ተቃውመውም መጻፋቸው ነው። ዓላማቸው ክትባትን ማስቆም ሳይሆን ሕዝቡ በጉዳዩ ለሁለት የተከፈለ እንዲመስል ማድረግ ነበር። እንግዲህ ያን ጊዜ ደጋፊና ተቃዋሚ የቆጠረ ሰው «አገሩ ተከፋፍሏል» ብሎ ቢደመድም፣ የደመደመው አካውንቶቹን የከፈቱት ሰዎች የፈለጉትን ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። የኢንተርኔት አጠቃቀም አኃዞችን የሚያወጣው ዳታሪፖርታል በ2024 መጀመሪያ ባወጣው ግምት በአገሪቱ የማኅበራዊ ሚዲያ ተጠቃሚው ሰባት ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ከሕዝቡ ስድስት በመቶ እንኳ አይሞላም፤ አብዛኞቹም ወንዶች ናቸው። ሕፃን ታቅፋ የምታስከትበው ደግሞ እናት ናት፤ አብዛኞቹ እናቶችም የሚኖሩት ገጠር ነው። የ2019ኙ አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ የወሰዱት 44 በመቶ ሲሆኑ፣ አንድም ያልወሰዱት 19 በመቶ ነበሩ። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ከዚያ ወዲህ ባወጡት ግምት ደግሞ በ2023 ብቻ ከ900 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ሕፃናት የመጀመሪያዋን ክትባት እንኳ አላገኙም። የእነዚህ ሕፃናት ወላጆች ምን እንደሚያስቡ ፌስቡክ ላይ መፈለግ፣ ገበያ ያልወጣውን ሰው ገበያ መሐል ቆሞ እንደ መጠበቅ ነው።

ከ44 እና ከ19 ይልቅ ግን እኔን የሚያሳስበኝ መሐሉ ነው። ሁለቱን ደምረን ከመቶ ብንቀንስ 37 ይቀራል። እነዚህ ክትባት ጀምረው ያቋረጡ ናቸው። ልጇን የመጀመሪያውን ክትባት ያስወጋች እናት ፀረ ክትባት አይደለችም፤ አንድ ጊዜ መጥታለችና። ለምን አልተመለሰችም? በዚህ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው የሚጠቅሷቸው ምክንያቶች አሉ፤ የጤና ጣቢያው ርቀት፣ የሥራ ብዛት፣ የቀጠሮውን ቀን አለማወቅ፣ ሄዶ ክትባቱን ማጣት፣ ልጁ ባለፈው ጊዜ አተኩሶት ስለነበር መፍራት። ፍርሃቱ አለ፤ ግን ከብዙዎቹ አንዱ ነው። የኩፍኝ ክትባትን ብቻ እንውሰድ። በተለምዶ የሚመጣው ለአሥር ልጅ በሚበቃ ብልቃጥ ሲሆን፣ አንዴ ከተበጠበጠ በኋላ ስድስት ሰዓት ካለፈው ይጣላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት ይላል፤ ጤና ኬላ ላይ ያለችው ባለሙያ ግን ዘጠኙ ይባክናል ብላ «ልጆች ሲበዙ በሚቀጥለው ሳምንት ነይ» የምትልበት ጊዜ አለ። ሁለት ሰዓት በእግሯ የመጣች እናት በሚቀጥለው ሳምንት ላትመጣ ትችላለች። የዚህች እናት ልጅ በስታትስቲክስ ውስጥ «ክትባት ያላሟላ» ሆኖ ይገባል። ጽሑፍ ለቃሚው ፕሮግራም ደግሞ አንዲት ቃሏን አያገኝም። ጥርጣሬዋን የሚያክም የማስተማሪያ ቪዲዮ ቢዘጋጅላት እንኳ የሚመልስላት ጥያቄ የለም፤ ጥርጣሬ አልነበራትምና።

የክልሎቹ ልዩነትም ወደዚሁ ያመላክታል። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ መሠረታዊ ክትባቶችን ያሟሉት ሕፃናት 89 በመቶ፣ አፋር ውስጥ 15 በመቶ ነበሩ። ስለ ክትባት በማኅበራዊ ሚዲያ የሚናፈሰው ወሬ በብዛት የሚነበበውና የሚታየው ግን አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ወሬው ሽፋኑን የሚወስን ቢሆን ኖሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት። አርብቶ አደሩ በአፋርኛና በሶማሊኛ፣ ከመንደር መንደር በቃል የሚለዋወጠውን ሐሳብ ደግሞ የአማርኛን ፌዝ እንኳ ከቁም ነገር በወጉ የማይለይ ሶፍትዌር ከየት ያገኘዋል?

በኮቪድ ጊዜ የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። በአማርኛ ማኅበራዊ ሚዲያ ክትባቱን ከአውሬው ምልክት ጋር የሚያያይዙ ጽሑፎችና ቪዲዮዎች በሰፊው ይዘዋወሩ ነበር፤ ያንን ብቻ ያየ ሰው ሕዝቡ ክትባቱን በአንድ ድምፅ እንደሚገፋው ይገምት ነበር። የአፍሪካ በሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከኦገስት እስከ ዲሴምበር 2020 በ15 አገሮች ከ15 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ሲያስጠይቅ ግን፣ ክትባቱ ደህንነቱ የተረጋገጠና የሚሠራ ከሆነ እወስዳለሁ ያሉት ኢትዮጵያውያን 94 በመቶ ሆኑ፤ ከተጠየቁት አገሮች ሁሉ ከፍተኛው። «እወስዳለሁ» ያለ ሁሉ ወስዷል ማለት አይደለም፤ ለጠያቂ ደስ የሚለውን መመለስ ያለ ነገር ነው፣ የክትባቱ አቅርቦትም ዘግይቶና በትንሽ በትንሹ ነበር የመጣው። 94ቱን ግማሽ አድርገን ብናምነው እንኳ ግን ከማኅበራዊ ሚዲያው ሥዕል ጋር አይገናኝም።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል። ጥቂቶች ቢሆኑም ብዙኃኑን የሚመሩት የሚናገሩት ናቸው፤ ዛሬ ቴሌግራም ላይ ያለው ነገ መንደር ይደርሳል፤ እስኪደርስ መጠበቅ ሞኝነት ነው የሚል። ይህ ትክክል ነው። በኤፕሪል 2019 ፓኪስታን ፔሻዋር አጠገብ ልጆች የፖሊዮ ክትባት ወስደው ታመሙ የሚል ሐሰተኛ ቪዲዮ በአንድ ቀን ተሰራጭቶ፣ የተቆጣ ሰው ጤና ጣቢያ አቃጠለ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች ደህና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሆስፒታል ሮጡ፣ ዘመቻውም ቆመ። እንዲህ ያለውን በሰዓታት ውስጥ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ጣሊያንም ውስጥ ከ2010 እስከ 2015 ስለ ኩፍኝና ጆሮ ደግፍ ክትባት በኢንተርኔት የሚፈለገውና የሚጻፈው ሲጨምር ሽፋኑ እየቀነሰ እንደሄደ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ጭስ እሳት መኖሩን ይናገራል፤ ስንት ቤት እንደተቃጠለ ግን አይቆጥርም። የጣሊያኑን የሽፋን መቀነስ ያሳወቀው የክትባት መዝገቡ ነበር። ዴንማርክም እንዲሁ፤ በ2015 አንድ የቴሌቪዥን ዘገባ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ጎዳን የሚሉ ልጃገረዶችን ካሳየ በኋላ፣ 90 በመቶ ገደማ የነበረው ሽፋን ወደ 40 በመቶ መውረዱ የታወቀው እያንዳንዱ ክትባት ከሚመዘገብበት ብሔራዊ መዝገብ ነው። በ2017 የአገሪቱ የጤና ባለሥልጣናት ከሐኪሞች ማኅበርና ከካንሰር ማኅበር ጋር ዘመቻ ሲጀምሩ ፌስቡክን በሚገባ ተጠቀሙበት፤ ለቆጠራ ሳይሆን የእናቶችን ጥያቄ ተቀብሎ ለመመለስ። ሽፋኑም አንሰራራ። የማኅበራዊ ሚዲያ ትክክለኛ ቦታው ይህ ይመስለኛል።

ወሬ በፌስቡክ ብቻ የሚሄድ ቢሆንማ ክትትሉ ቀላል ነበር። በ2003 የናይጄሪያዋ ካኖ ግዛት የፖሊዮ ክትባት ሴቶችን ያመክናል በሚል ወሬ ክትባቱን አገደች። ፌስቡክ ገና በሃርቫርድ ተማሪዎች መኝታ ክፍል ውስጥ ሲጀመር ካኖ ውስጥ እገዳው እንደጸና ነበር። ወሬው የተጓዘው በመስጊድ፣ በሬዲዮና በገበያ ነው። ቫይረሱ ደግሞ ከዚያ ተነስቶ በርካታ የአፍሪካ አገሮችን አቋርጦ በሱዳን በኩል ለዓመታት ፖሊዮ ወዳልታየባት ኢትዮጵያ ገባ። እገዳው የተነሳው ሙስሊም በሚበዛባት ኢንዶኔዥያ የተመረተ ክትባት እንዲመጣ ከተስማሙ በኋላ ነው፤ ማለትም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሰዎቹ የሚፈሩት በትክክል ምን እንደሆነ ከጠየቃቸው በኋላ። በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚኖሩ የሶማሌ ተወላጆችም ዘንድ የሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ2004 ሁለት ዓመት ከሞላቸው የማኅበረሰቡ ሕፃናት 92 በመቶው የኩፍኝ ክትባት ወስደው ነበር፤ ክትባቱ ኦቲዝም ያመጣል የሚለው ፍርሃት ከአፍ ወደ አፍ፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ተዛምቶ በ2014 ቁጥሩ 42 በመቶ ደረሰ። በ2017 በግዛቲቱ 75 ሰው በኩፍኝ ሲያዝ አብዛኞቹ ከዚሁ ማኅበረሰብ ነበሩ። አሥር ዓመት የፈጀውን ይህን መሸርሸር በእንግሊዝኛ የተጻፉ ትዊቶችን በመቁጠር ማየት አይቻልም ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ወጪና ስለ ጊዜ ነው። የቤት ለቤት ጥናት ውድ ነው፣ በየጥቂት ዓመቱ አንዴ ነው የሚደረገው፣ ጦርነት ሲኖር ጭራሽ ይቀራል፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ግን ነፃና ፈጣን ነው ይባላል። ፈጣንነቱን አልክድም። ነፃነቱ ግን በባለቤቶቹ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ተመራማሪዎች የፌስቡክን ስርጭት ይከታተሉበት የነበረውን ክራውድታንግል ሜታ በኦገስት 2024 ዘጋው፤ ትዊተርም ስሙ ተቀይሮ ኤክስ በሆነበት በ2023 መረጃውን በነፃ መስጠት አቆመ። ፒንተረስት ስለ ክትባት የሚደረግ ፍለጋን ሲያግድ፣ በአንድ ጊዜ የጠፋው ይዘቱ እንጂ ጥርጣሬው አልነበረም፤ ያን ወር ቁጥር የወሰደ ሰው ግን ሕዝቡ ክትባትን የወደደ ይመስለዋል። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይ ያሉት የእናቶች ቡድኖችም ዝግ ናቸው። ሳያስፈቅዱ ገብቶ መልቀም ነውር ነው፤ ቢታወቅ ደግሞ የጤና ተቋሙን እምነት የሚያሳጣው እርሱ ራሱ ይሆናል።

ሦስተኛው ክርክር፣ ሰው ለጠያቂ ይዋሻል፣ ኢንተርኔት ላይ ግን የልቡን ይናገራል የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «አላስከትብም» የምትል እናት ጥቂት ናት፤ ጎረቤቷ ናትና ይሉኝታ ይዟታል። በአስተዳደር ሪፖርት የሚቀርበው የክትባት ሽፋንም በቤት ለቤት ጥናት ከሚገኘው ከፍ ብሎ የመገኘቱ ነገር የቆየ ችግር ነው። ስለዚህ ጥያቄውን መጠየቅ ያለበት ክትባቱን የሚሰጠውና ሪፖርት የሚጠየቀው ሰው መሆን የለበትም፤ መልሱም ከክትባት ካርዱ ጋር መመሳከር አለበት። ኢንተርኔት ላይ ሰው የልቡን ይናገራል የሚለው ግን አያሳምነኝም። በሺህ ተመልካች ፊት የሚናገር ሰው ለተመልካቹ ይናገራል፤ እንዲያውም በይሉኝታ ከተያዘችው እናት ይልቅ ለማስደሰት የሚጓጓው እርሱ ነው።

ለመጠየቅ ደግሞ ሁልጊዜ ግዙፍ ጥናት አያስፈልግም። በዕጣ የተመረጡ ጥቂት ቀበሌዎች፣ በእያንዳንዳቸው በዕጣ የተመረጡ ጥቂት ቤቶች፣ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ። ከአንድ ሺህ ሰው የተገኘ መልስ ከሩብ ሚሊዮኑ እንዴት እንደበለጠ አይተናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ አጭር መጠይቅ አውጥቷል። የልጆች ክትባትን በተመለከተ ቅድሚያ የተሰጣቸው ጥያቄዎች አምስት ናቸው፤ ክትባት ለልጅዎ ጤና ምን ያህል ጠቃሚ ነው ብለው ያስባሉ? ልጅዎ እንዲከተብ ይፈልጋሉ? የቅርብ ቤተሰብዎ ልጅዎ እንዲከተብ ይሻሉ? ልጅዎን የት እንደሚያስከትቡ ያውቃሉ? ለማስከተብ የሚወጣው ወጪ ይከብድዎታል? የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ፌስቡክ ቢያንስ በመላ ምት ሊነካካቸው ይሞክራል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ግን ላይክ የሚያደርግላቸው፣ የሚያጋራቸው፣ የሚሰድባቸውም የለም። ክትባቱ በነፃ በሚሰጥበት አገር እንኳ የትራንስፖርቱና የባከነው የሥራ ቀን ዋጋ የሚታወቀው ለእናቲቱ ነው፤ እርሷን ደግሞ ቤቷ ድረስ ሄዶ የሚጠይቃት ሰው ያስፈልጋል።